የጫጉላ ሽርሽራችንን ስለ ሄዱልን

ለተከበሩ የሠራተኛ አስተዳደር ዋና ክፍል ኃላፊ
አምስተኛ ፎቅ፣ ከሊፍቱ በስተቀኝ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቢሮ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለክብርት ባለቤትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። በተለይም ከደሴቲቱ በተመለሱ ማግስት ደረጃው ላይ ስንተላለፍ እንደ ተቀቀለ ድንች ይላላጥ የነበረው አፍንጫዎ ድኖ፣ አዲስ ቆዳ ለብሶ፣ በፊታችን ማክሰኞ ቦርዱ ፊት ለመታየት የበቃ እንዲሆን ምኞቴ የላቀ ነው። ፀሐይ የሰው ማዕረግ አታውቅም። ከእኔ በወሰዱት የጉዞ ዕቅድ ገጽ ሦስት ላይ «የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየሁለት ሰዓቱ» የሚል መስመር ነበረ፤ ሌላውን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ሲወስዱ ይህቺን ብቻ መተውዎ አሳዝኖኛል።

በታሸገ ፖስታ ሳይሆን ሰው ሁሉ በሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ። በታሸገ ፖስታ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ፣ ሦስቱም ላይ በዚያ ሁላችን በምናውቀው አረንጓዴ ብዕርዎ «ይቆይ» ብለው መርተውልኛል። ሠራተኛው እርስዎ በሌሉበት የሚጠራዎትም በዚሁ ቃል መሆኑን ምናልባት የነገረዎ የለም፤ «ይቆይ ገብተዋል?»፣ «ይቆይ ዛሬ ተቆጥተዋል» ይባላል። እኔ ግን በሹመትዎ እጠራዎታለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደማይሆን ስለማውቅ ጸሎቱን ትቼ በቀጥታ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

እርስዎ የሚያውቁኝ «ያቺ የምድር ቤቷ» በሚል ስም ነው፤ ለሌላው አንባቢ ግን በዚህ የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ወደዚህ ሕንፃ የሚገባም ሆነ ከዚህ የሚወጣ ወረቀት በእጄ ሳያልፍ፣ ቁጥር ሳልሰጠው፣ ቀን ሳልጽፍበት ወዲህም ወዲያም አይልም። መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ እኩል በሆነ፣ የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ በሚታይበት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ፈቃድ፣ ዕድገት፣ ዝውውርና ጡረታ ስመዘግብ ኖሬያለሁ። ለራሴ ከሦስት ቀን የበለጠ ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም፤ ማኅደሬ ይመሰክራል።

ከሦስት ወር በፊት አገባሁ። ባለቤቴ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ሃያ ዓመት ልጆች ሲያስሮጥና አብሮ ሲሮጥ የቀኝ ጉልበቱ አልቋል። ከሰርጋችን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ካየ በኋላ፣ የኦፕራሲዮኑ ተራ ከሰርጋችን በኋላ በስድስተኛው ሳምንት እንደሚደርስ፣ ያ ተራ ካለፈ ዓመት ተኩል መጠበቅ ግድ እንደሆነ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ደግሞ መራመድ እንጂ ተራራ መውጣት የሚባል ነገር እንደማይታሰብ ነገረንና «ይህች ጉልበት አንድ ተራራ ቀርቷታል፤ የትኛው እንደሚሆን እናንተው ምረጡ» አለን። እኛም መረጥን። ባለቤቴ ከልጅነቱ ጀምሮ «ምድር ውስጥ ያለውን እሳት በዓይኔ ሳላይ አልሞትም» ሲል የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ሞቃት ባሕር መካከል ያለች፣ ጫካዋ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ፣ አሸዋዋ የጠቆረ፣ እምብርቷ ላይ ሕያው እሳተ ገሞራ የቆመባትን ደሴት መረጥን።

እንደ ሌሎች ሙሽሮች ባሕር ዳርቻ ላይ በጥላ ሥር ተጋድመን መዋል አላማረንም፤ ልንወጣ፣ ልንቀዝፍ፣ ልንጠልቅ፣ ላብ በላብ ልንሆን ነበር የፈለግነው። አማቴ ይህን ሲሰሙ «ሰርግ የጨረሰ ሰው ይተኛል እንጂ እሳት የሚተፋ ተራራ ላይ ይንጠላጠላል እንዴ? ትዳር ውስጥ የሚመጣው እሳት አይበቃችሁም?» ብለው ነበር፤ ብለውም የምግብ ጠረጴዛቸውን ለቀቁልን። በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ እዚያ ካርታ ዘርግተን፣ የጀልባ መነሻና መድረሻ ሰዓት አመሳክረን፣ የተራራው ጥበቃ ጣቢያ በየቀኑ የሚያወጣውን መግለጫ አንብበን፣ እሱ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ እኔ እርሳስ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ አንድ ዓመት ያህል አቀድን። አዲሱ የተራራ ጫማ እግሬን እንዳይልጠኝ ወደ ሥራ አድርጌው መምጣት ጀመርኩ። በምሳ ሰዓት ደግሞ የተዘጉ መዝገቦች በጀርባ ቦርሳ ሞልቼ ከምድር ቤት እስከ አምስተኛ ፎቅ ሦስት ጊዜ እወጣና እወርድ ነበር።

ከእርስዎ ጋር የተገናኘነው እዚያው ደረጃ ላይ ነው። የዚያን ቀን ሊፍቱ ተበላሽቶ በእግርዎ ሲወጡ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ትንፋሽዎን ሲሰበስቡ አገኘሁዎት። «ምን ሆነሽ ነው አንቺ? ሸክም ጀመርሽ እንዴ?» አሉኝ። እኔ ሞኟ ከልቤ ነገርኩዎት፤ ስለ ጥቁሩ አሸዋ፣ ስለ ፏፏቴው፣ እሳቱ ቁልቁል ስለሚታይበት አፋፍ፣ የባሌን ጉልበት ሳይቀር አንድ በአንድ ዘረዘርኩልዎት። «እንዲህ ያለ ቦታ አለ እንዴ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ሁለተኛው ጥያቄ ለምን እንዳስፈለገ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ዕቅድ እንዳዘጋጅ ስላስገደዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በመመሪያችን መሠረት የዓመት ፈቃድ የሚጠይቅ ሠራተኛ አንዲት ገጽ ቅጽ ሞልቶ ይሰጣል፤ አለቀ። የእኔ ቅጽ ግን «ዝርዝር ዕቅድ ተያይዞ ይቅረብ» የሚል ማስታወሻ አዝሎ ተመለሰ። የመዝገብ ቤት ሰው ዕቅድ ጻፍ ሲባል እንዴት እንደሚጽፍ ያውቃሉ፤ ዓላማ፣ ዝርዝር ተግባር፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ ስጋትና የመፍትሔ እርምጃ፣ የሚጠበቅ ውጤት ብዬ አሥራ አራት ገጽ ጻፍኩ። ወቅቱ የሰርጌ ሰሞን ነበርና ደስታዬ በየመስመሩ ሾልኮ ገብቷል። በሁለተኛው ቀን ጥቁሩ አሸዋ ላይ ጫማ መፈተን፤ በሦስተኛው ጫካውን አቋርጦ ፏፏቴው ሥር መዋኘት፤ በአራተኛው ወደ እሳተ ገሞራው አፋፍ መውጣት፣ «ከጉልበት የተነሣ በየሃያ ደቂቃው አምስት ደቂቃ እያረፉ»፤ በአምስተኛው ፍል ውኃ፤ በስድስተኛው የውኃ መነጽር አድርጎ ከዓሣዎቹ መካከል መጥለቅ፤ በሰባተኛው ከገደሉ ሥር ለሥር ጀልባ መቅዘፍ፤ በስምንተኛው የቀለጠው ድንጋይ ፈልፍሎት ባለፈው ዋሻ ውስጥ ግንባር ላይ መብራት አስሮ መሄድ። «ስጋት፦ መንገድ ሲጠፋ የሚነሣ ጭቅጭቅ። የመፍትሔ እርምጃ፦ ካርታውን የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ እሱም እኔ ነኝ» የሚል አለበት። «ዋና የማይችለው ወገን ላይፍ ጃኬት ይለብሳል፤ የሚችለው ወገን አይስቅበትም» የሚልም አለበት። የሚጠበቅ ውጤት በሚለው ሥር «የሁለቱ ወገኖች ግንኙነት ይጠናከራል» ብዬ ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ዕቅድ በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ተጽፎ እንደማያውቅ እርስዎም በተግባር መስክረውልኛል።

ሁለተኛ፦ ከመንገድ ድካም ስላዳኑኝ አመሰግናለሁ። ዕቅዴ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ሳምንት ከተኛ በኋላ፣ ሰርጌ አራት ቀን ሲቀረው፣ «የመዝገብ ቆጠራ ስለሚካሄድ ለሥራው ጥቅም ሲባል ፈቃዱ ለጊዜው ይቆይ» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። መዝገብ የሚቆጠረው በዓመቱ መጨረሻ ነው፤ ዓመቱ ገና መጋመሱ ነበር። የሆነ ሆኖ ቅዳሜ አገባሁ፣ ሰኞ ወደ ምድር ቤቴ ወርጄ መቁጠር ጀመርኩ። ለጉዟችን ይዘናቸው በነበሩት በእነዚያ አሥር ቀናት በየጠዋቱ የተራራውን ጣቢያ መግለጫ እከፍት ነበር። «ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ክፍት» ይላል። አሥሩንም ቀን እንዲሁ አለ። እውነቱን ልናገርና፣ ሰውን መጥላት ምን እንደሚመስል የተማርኩት በእነዚያ ጠዋቶች፣ ማኅደር እየቆጠርኩ ነው።

በአራተኛው ሳምንት ደግሞ ወጪ የሚሆን አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። «በእሳተ ገሞራ አፈር ውስጥ የከርሰ ምድር ውኃ አያያዝን በተመለከተ የአሥር ቀን የልምድ ልውውጥ» ይላል ርእሱ። ተጓዥ፦ የሠራተኛ አስተዳደር ዋና ክፍል ኃላፊ። አጋዥ ባለሙያ፦ አንድ፤ እሳቸውም ክብርት ባለቤትዎ ሲሆኑ ሙያቸው የጥርስ ሕክምና ነው። በእሳቸው ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ባልሽ ደሴት ሊወስድሽ ነው ተብላ እንቢ የምትል ሚስት አላውቅም። ጉድጓድ ሲቆፍሩ የሚውሉት መሐንዲሶቻችን ለምን እንዳልተላኩም አልጠየቅሁም፤ የእኔ ሥራ ቁጥር መስጠት ስለሆነ ቁጥር ሰጠሁ። ዓባሪውን ስገልጥ አሥራ አራት ገጽ ነው። ሽፋኑ ተቀይሯል፤ ገጽ ዘጠኝ ላይ ግን አማቴ የሻይ ብርጭቋቸውን ያሳረፉበት ክብ ምልክት ፎቶ ኮፒ ተነሥቶ ከነነጠብጣቡ ቁጭ ብሏል። ማኅተም የሚያስቀምጡት አዛውንት ፊቴን አይተው «ልጄ፣ ምነው አመመሽ እንዴ?» ቢሉኝ፣ «ደህና ነኝ አባባ፣ ይምቱበት» አልኳቸው። መቱበት። የራሴን የጫጉላ ሽርሽር በገዛ እጄ መዝግቤ ለሌላ ሰው ያሳለፍኩ፣ በዚህ ሙያ ውስጥ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም።

ሦስተኛ፦ ይህ ተራ ቁጥር ባዶ ነው። ረቂቁን ያነበበው ባለቤቴ «ይህማ ስድብ ነው፤ በወግ የጀመርሽውን በወግ ጨርሺ» ስላለኝ ሰርዤዋለሁ። ይዘቱን እርስዎ እንደ ሕሊናዎ ሊሞሉት ይችላሉ፤ ቦታ ካነሰዎ ምድር ቤት ወረቀት ሞልቷል።

አራተኛ፦ ስለ ሪፖርትዎ አመሰግናለሁ፤ ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። በመሥሪያ ቤታችን ሪፖርት እንዴት እንደሚወለድ እርስዎም እኔም እናውቃለን። የዓመቱ ዕቅድ ከመደርደሪያ ይወርዳል፣ «ይደረጋል» የተባለው ሁሉ «ተደርጓል» ይባላል፣ ይፈረማል፣ ይመለሳል። አሥራ አንድ ዓመት ስመዘግበው ኖሬ ክፋት አላየሁበትም፤ ብዙውን ጊዜ የታቀደውም ምንም፣ የተሠራውም ምንም ስለሆነ ይገጥማል። እርስዎም በተመለሱ በሁለተኛው ቀን አሥራ አራቱን ገጽ ለጸሐፊዎ ሰጥተው «ያው እንደተለመደው አድርጊው» ብለዋታል። እሷም ታዛዥ ልጅ ናትና እንደተለመደው አደረገችው። እርስዎም እንደተለመደው ሳያነቡ ፈረሙ።

እናም በመዝገብ ቤት ገቢ የሆነው፣ ከስሙ በታች ፊርማዎና ማኅተሙ ያረፈበት የልምድ ልውውጥ ሪፖርት እንዲህ ይላል፤ «ካርታውን የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ።» ዝቅ ብሎ፣ «ዋና የማይችለው ወገን ላይፍ ጃኬት ለብሷል፤ የሚችለው ወገን አልሳቀበትም።» በመጨረሻም፣ «የሁለቱ ወገኖች ግንኙነት ተጠናክሯል።» የዕቅድ ክፍሉ ባልደረባችን ሁለቱ ወገኖች ሁለት መሥሪያ ቤቶች መስለውት የስምምነቱ ሰነድ የት እንዳለ ሊጠይቀኝ ድረስ ወርዶ ነበር። ከውኃ ጋር የተያያዘ ነገር ቢፈለግ በአሥራ አራቱም ገጽ የሚገኘው «ከታሸገ ጠርሙስ ውጭ ውኃ አልተጠጣም» የሚል አንድ መስመር ነው፤ እሱም የእኔ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። የማያስቀው ገጽ ስድስት ነው። «በአራተኛው ቀን በማለዳ ጉዞ ተጀምሮ፣ ከጉልበት የተነሣ በየሃያ ደቂቃው አምስት ደቂቃ እየታረፈ፣ ከእሳተ ገሞራው አፋፍ ተደርሷል፤ እሳቱም ታይቷል» ይላል። የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ እኔ የተራራውን መግለጫ በየጠዋቱ የመክፈት ልማድ አልተወኝም ነበር። እርስዎ ደሴቲቱ ላይ ከማረፍዎ አንድ ቀን አስቀድሞ ተራራው በኃይል መጤስ ጀምሮ፣ ከጫካው በላይ ያለው መንገድ ለሦስት ሳምንት ለማንኛውም ሰው ተዘግቷል። ምናልባት ለትልቅ ሰው ይከፈት ይሆናል ብዬ ለጥበቃ ጣቢያው በትሕትና ጻፍኩ። በአራተኛው ቀን ከሁለት የጣቢያው ጠባቂዎች በቀር አንድም ሰው ወደ ላይ እንዳልወጣ፣ ማኅተም ባለው ደብዳቤ መልሰውልኛል። እነሱ ያነበቡትን ይፈርማሉ መሰለኝ።

ከሪፖርቱ ጋር የተያያዘው ፎቶግራፍም አለ፤ እርስዎ እጅዎን አጣምረው እሳት ከሚተፋ ተራራ ፊት ቆመዋል። ግሩም ፎቶግራፍ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከእሳተ ገሞራው አፍ በስተግራ፣ በጢሱ ውስጥ፣ የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ ይታያል። የሆቴሉን ግድግዳ የሣለው ሰው እጁ ይባረክ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ እኔን የከበደኝ ግን ውሸቱ አይደለም። ስንት የውሸት ሪፖርት መዝግቤ ቤቴ ገብቼ እራቴን በልቻለሁ። የከበደኝ በየሃያ ደቂቃው ያረፉት ዕረፍት ነው። እርስዎ የጉልበት ሕመም የለብዎትም። ያቺ መስመር የተጻፈችው ለአንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው በየሃያ ደቂቃው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እኔ ከጎኑ ቁጭ ብዬ፣ እየተሳሳቅን እስከ አፋፉ ድረስ ሊወጣ ነበር። እርስዎ ቀኑንም፣ መንገዱንም፣ ጉልበቱንም ወስደው በሆቴል ግድግዳ ፊት ቆመው ተነሡበት።

አምስተኛ፦ ወንበርዎን ለጥሩ ሰው ስለ ወከሉ አመሰግናለሁ። እርስዎ በደሴቲቱ ሳሉ አምስተኛ ፎቅ የተቀመጡት የመስመር ጥገናው ኃላፊ ናቸው፤ ጭቃ የነካ ጫማቸውን ምንጣፉ ዳር አውልቀው የሚገቡ ሰው። ጠረጴዛዎ ላይ የተከመረውን የ«ይቆይ» ክምር ሲያዩ «ይሄ ሁሉ ሰው ምን አጥፍቶ ነው?» ብለው በሦስት ቀን ጨረሱት። የእኔ ላይ ሲደርሱ አስጠሩኝና «ልጄ፣ ሰርግ ይቆያል እንዴ?» ብለው የሃያ አንድ ቀን ፈቃድ ፈረሙልኝ፤ ተራራው ዝግ መሆኑን ስነግራቸውም የመነሻውን ቀን በራሴ ምርጫ እንድሞላ ባዶ ተዉልኝ። ግልባጩን በዚያው ዕለት ለእርስዎ ልኬያለሁ። በተመለሱ ጊዜ ፖስታውን ሳይከፍቱ ሽፋኑ ላይ «ይቆይ» ብለው ጽፈውበታል፤ እስከ ዛሬም እንደታሸገ ከግራ በኩል ካለው ክምር ሥር ይገኛል። በመመሪያችን መሠረት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ተቃውሞ ያልቀረበበት ፈቃድ የጸና ነው። ያ ቀነ ገደብ ራሱ ሠላሳ ስምንት ቀን አልፎታል።

ይህ ሁሉ ከሆነ ምን ቀረሽ እንደማይሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቢሉኝ ግን የቀረብኝን ልንገርዎ። የባለቤቴ የኦፕራሲዮን ተራ በቀኑ ደረሰ። ዓመት ተኩል በዚያ ጉልበት ልጆች ፊት መቆም ስለማይችል ገባ። ተራራው የተከፈተው ጉልበቱ ከተሰፋ በስምንተኛው ቀን ነው። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ መግለጫውን ሳነብለት፣ «ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ክፍት» ስል፣ «ጎሽ፣ እንኳን ተከፈተ፤ ለሌላው ሰው ጥሩ ነው» አለኝና ወደ ግድግዳው ዞረ። እሱ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ለእርስዎም ይቅርታ አድርጓል፤ ይህንን እንድጽፍልዎ ራሱ ነግሮኛልና ጽፌያለሁ። እኔ ግን አላደረግሁም። በዚያች ደቂቃ የባሌን ጀርባ እያየሁ የማልኩት መሐላ አለ፤ ይህ ደብዳቤ እሱ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ወደ ደሴቲቱ እንበራለን። ፏፏቴው ሩቅ ስለሆነ ከዕቅዱ ወጥቷል፤ ዋሻውም ወጥቷል። ጀልባ ተቀምጦ ስለሚቀዘፍ እሱ ይቀዝፋል፤ ላይፍ ጃኬቱን እኔ እለብሳለሁ፤ ደስ ካለው ይሳቅ። በአራተኛው ቀን እሱ ከተራራው ግርጌ ባለችው መንደር ክራንቹን አጠገቡ አጋድሞ፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይዞ ይቀመጣል፤ እኔ ብቻዬን እወጣለሁ። በየሃያ ደቂቃው እቆማለሁ፣ ጉልበቴን አሞኝ ሳይሆን ከታች ሆኖ እንዲያየኝ። ከዚያ ወርጄ ያየሁትን ሁሉ እነግረዋለሁ። እኔ ደግሞ በመንገር አልታማም። ቢሆንም የተነገረው ሰው ያየ ሰው አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እርስዎ ናቸው የወሰዱት፣ እሱንም እስከ ዕለተ ሞቴ አልምርዎትም።

ማክሰኞ በሚሰበሰበው ቦርድ ፊት ሪፖርትዎን በቃልዎ እንደሚያብራሩ አውቃለሁ። ንግግርዎን ለማቃለል ያህል፣ የቦርዱ ጽሕፈት ቤት በጠየቀው መሠረት ለእያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ጥራዝ አዘጋጅቼ ዛሬ ጠዋት አስረክቤያለሁ። ከግራ ገቢ የሆነበት ቀን ያለው የእኔ ዕቅድ፣ ከቀኝ የእርስዎ ሪፖርት፣ ገጽ ለገጽ ተያይተዋል፤ ከኋላቸው የጥበቃ ጣቢያው ደብዳቤ አለ። ፎቶግራፉንም የማብሪያ ማጥፊያው ቦታ ጎልቶ እንዲታይ አስፍቼ አሳትሜዋለሁ። ጥራዞቹን ሲረከቡ ሰብሳቢዋ ሁለተኛውን ገጽ እዚያው ቆመው አንብበው «የሚችለው ወገን አልሳቀበትም ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። «ኃላፊው ራሳቸው ማክሰኞ ያብራራሉ» ብዬ መልሻለሁ፤ አደራ እንዳያሳፍሩኝ።

ስላባከንኩት ውድ ጊዜዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር፣ አፍንጫ ከቆዳው ጋር፣ ሹመት እስከ ማክሰኞ ይሰጥዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከተገለጸው በላይም በታችም እንዳልሆነ አረጋግጣለሁ።

ከታላቅ ትሕትና ጋር፣
የመዝገብ ቤት ኃላፊ
ምድር ቤት፣ ጫማ ከሚታይበት መስኮት

ግልባጭ፦
ለቦርዱ ጽሕፈት ቤት
ለተራራው ጥበቃ ጣቢያ፣ የነገሩን መጨረሻ ለማወቅ ስለጠየቁ
ለክብርት ባለቤትዎ፣ «አጋዥ ባለሙያ» ተብለው መመዝገባቸውን የነገራቸው ያለ ስለማይመስለኝ
ለአማቴ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ከዋናው መግቢያ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲነሣ ሰው እንደሚልኩ እገምታለሁ። ሆኖም ባለፈው ዓመት ሠራተኛው በፎቶግራፍዎ ላይ ጺም እየሣለ ቢያስቸግርዎ፣ ሰሌዳው ወፍራም መስታወትና ቁልፍ እንዲገጠምለት፣ ቁልፉም አንድ ብቻ ሆኖ በመዝገብ ቤት ኃላፊ እጅ እንዲቀመጥ በጽሑፍ ያዘዙት እርስዎ ነዎት። ኃላፊዋ ከዛሬ ጀምሮ ለሃያ አንድ ቀን በዓመት ፈቃድ ላይ ናት፤ ቁልፉንም ለማንም አላስረከበችም።